የሐሙስ ዳገት

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ጋሼ ዛሬ ጠርተው ፊት ለፊታቸው አስቀመጡኝ። ሾፌራቸው ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን አናውቅም፤ እኔ ከመሪው፣ እሳቸው ከኋላዬ ነበርን። የእንጨት መሰንጠቂያው ተሽጧል። ክረምቱ ሲወጣ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ሊኖሩ ነው።

“ባዶ እጅህን አልሰድህም” አሉኝ። “ወይ መኪናዋን ውሰድ፣ ወይ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል። ሁለቱንም ብሰጥህ ልጆቼ ይጮኹብኛል። እስከ ነሐሴ መጨረሻ አስብበት። እኔ በዚህ እግሬ የትም ስለማልሄድ እስከዚያ መኪናዋ አንተ ጋ ትደር። ጥቅሙንና ጉዳቱን ጻፈው፤ እኔ ግንድ ስገዛ እንደዚያ ነው የማደርገው።”

ይኸው እየጻፍኩ ነው። እጄ መሪ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም።

ክፍሏ ድሮ ቀለም ይሸጥባት የነበረች ናት። ጠባብ ናት። በሯ ግን ወደ ዋናው መንገድ ነው፣ ውሃ አላት፣ ጣሪያዋ አያፈስም።

መኪናዋ ጥቁር፣ ትልቅ፣ የናፍጣ። ሰባት ወንበር፣ ሁሉም ቆዳ፤ በብርድ ይሞቃል፣ በሙቀት ይቀዘቅዛል። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ የሚያፍረው ጉድጓዱ ነው። የመሰንጠቂያው ሠራተኛ ሁሉ “ዝሆኒቱ” ይላታል።

አምላኬ ሆይ፣ ለእኔ የሚሻለውን አንተ ታውቃለህ። እኔ የምወደውን ግን አውቃለሁ፣ ያ ነው የሚያስፈራኝ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ዝሆኒቱ በግቢያችን በር አትገባም። ትናንት ማታ መስታወቶቿን አጥፌ ሞከርኩ። ዘበኛው ከፊት ቆሞ “ና፣ ና፣ ና” ሲለኝ ቆየና “በቃ ተመለስ፣ ግድግዳው ሊወልድ ነው” አለኝ። ውጭ ከአጥሩ አስጠግቼ አሳደርኳት።

ጠዋት የታችኛዋ ጎረቤቴ በመስኮት ጠበቁኝ። ነርስ ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላቸዋል። እሳቸውም እንደኔ ብቻቸውን ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል ይባላል። እዚህ ግቢ ከገቡ ወዲህ ከ“እንደምን አደሩ” አልፈን አናውቅም።

“የእርስዎ ናት?” አሉኝ።

“ገና አልታወቀም።”

“ሲታወቅ ይንገሩኝ። እስከዚያ ፀሐዬን ይመልሱልኝ።”

ዞር ብዬ ባይ እውነትም መስኮታቸውን ከዳር እስከ ዳር ጋርዳለች። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ማዶ ወሰድኳት።

ጉዳት፦ የጎረቤት ፀሐይ ትከለክላለች።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ከጸሎት ስመለስ ልጄና ባሏ ቤት ጠበቁኝ። ልጄ የሰው ዳቦ ቤት ተቀጥራ ነው የምትጋግረው፤ ገና ሳይነጋ ምድጃ ፊት ትቆማለች። አሁን ነፍሰ ጡር ናት፣ ሆዷ መታየት ጀምሯል።

“አባዬ፣ ይሄ ምኑ ይታሰባል? ክፍሉ ነዋ!”

“አንቺ ደግሞ!” አለ ባሏ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ምላሱም እንደ ሽቦው ነው። “አባባ ይችን ይዘው የሆቴል እንግዳ ቢያመላልሱስ? ሰው ገና ሲያያት እጁን ኪሱ ይከታል።”

“አንተ ሁለት ጊዜ ልትቀመጥባት ፈልገህ ነው።”

“ሦስት ጊዜ።”

“ክፍል ናፍጣ አይጠጣም። ክፍል ጎማው አይፈነዳም። እኔ እዚያ ምድጃ አስገብቼ ለራሴ ብጋግር፣ ልጁን አጠገቤ አስተኝቼ ብሠራ...” ድምጿ ተሰበረ፤ ወዲያው ደግሞ ሣቀች። “ለመሆኑ ሰባት ወንበር ለማን ነው፣ አባዬ?”

ባሏ ሻዩን ያማስል ጀመር። ስኳር ግን አልጨመረበትም ነበር።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ጋራዥ።

መካኒኩን ጩኸታም ስለሆነ ሰው “ሹክሹክታ” ብሎታል። ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠና “አባባ፣ እንዴት ነው የሚነዷት?” አለኝ፣ ማዶ ያለ ሰው እስኪዞር።

“እንደ እንቁላል ነዋ” አልኩት። ኮራሁ። ጋሼ ከኋላ ሻይ እየጠጡ አንድ ጠብታ ፈስሶባቸው አያውቅም።

“በቃ ገደሏታ!”

ነገሩ እንዲህ ነው። የናፍጣ መኪና ጥላሸቷን ማጣሪያ ውስጥ ታጠራቅማለች። ማጣሪያው የሚጸዳው ሲግል ነው፤ የሚግለው ደግሞ ሞተሩ ሲጮህ፣ ረጅም መንገድ ሲሄድ፣ ዳገት ሲወጣ ነው። እኔ ከቤት መሰንጠቂያ፣ ከመሰንጠቂያ ቤት፣ እሑድ ጸሎት። ያውም ቀስ ብዬ። ገና ሳትሞቅ አጠፋታለሁ።

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” አልኩት፣ አፌ ላይ መጣልኝና።

“እንቁላል ጭስ ማውጫ የለውም፣ አባባ! በሳምንት አንዴ ወደ ላይኛው ከተማ ይውጡባት። ማርሹን ዝቅ አድርገው፣ ሳይሳሱ!”

የተጠነቀቅኩላት መስሎኝ ሳፍናት ኖሬያለሁ። መኪናም እንዲህ ያለ ነገር እንዳለው አላውቅም ነበር። ስለ ሌላ ነገርም አሰብኩ፤ እሱን አልጽፈውም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ ማታ

ጠዋት ለማጣሪያው ብዬ ወጣሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሲስተር ዝናብ ውስጥ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው ካርቶን። ሐሙስ ሐሙስ ላይኛው ከተማ ጤና ጣቢያ ሕፃናት ሊከትቡ እንደሚወጡ ዛሬ ነው የሰማሁት።

“ላድርስዎት?”

“እስከ የት?”

“እስከሚሄዱበት። እኔ ለማጣሪያው ነው የምሄደው።”

“ለማን?”

ማስረዳቱ ረዘመብኝ፣ ዝናቡም አልጠበቀኝም። “ይግቡ” አልኳቸው።

መግባቱ ቀላል አልሆነም። መኪናዋ ከመሬት ከፍ ያለች ናት፣ የሲስተር ቀኝ ጉልበት ደግሞ እንደልብ አይታጠፍም። እጀታውን ይዘው ሞከሩ፣ ወረዱ፣ እንደገና ሞከሩ። እኔ ልደግፋቸው እጄን ዘርግቼ የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ። ጃንጥላውን ያዝኩላቸው።

ዳገቱ ሲጀምር እንደታዘዝኩት ማርሹን ዝቅ አድርጌ ረገጥኩ። ዝሆኒቱ ጮኸች። በሕይወቴ መኪና እንዲህ አስጩኼ አላውቅም። ሲስተር በሩን ጨበጡ።

“ታማለች እንዴ?”

“ሕክምና ላይ ናት።”

“እኔ ሳክም ሰው እንዲህ አይጮህብኝም።”

“ሕፃናቱስ?”

ሣቁ። ሣቃቸው ከደረት ነው የሚወጣው፣ ከእንዲህ ያለች ቀጭን ሴት አይጠበቅም። ይህን ለምን እንደጻፍኩት እንጃ፤ ከጥቅሙም ከጉዳቱም የለበትም።

ጫፍ ላይ ስንደርስ ቢጫው መብራት ጠፋ። “ዳነች!” አልኩ ጮኼ። ሲስተርም “እልልታ ላሰማ?” አሉኝ።

ጥቅም፦ ዳገት ስትወጣ የሚገፋት ያለ ነው የምትመስለው። ጉዳት፦ መግቢያዋ ከፍ ይላል።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ከመሰንጠቂያው ቁርጥራጭ እንጨት መርገጫ ሠራሁ። ሁለት ደረጃ፣ ላዩን እንዳያንሸራትት የድሮ የጎማ ምንጣፍ ቸነከርኩበት። መግቢያዋ ለማንኛውም ሰው ከፍ ስለሚል ነው። ልጄም ነፍሰ ጡር ናት።

ዘበኛው ሲያየኝ ቆይቶ “ለቀኝ እግር ነው ለግራ?” አለኝ። የማያገባው የለም።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ወጣን። መብራቱ አልበራም። መርገጫው ጸና። ሲስተር ረግጠው ወጡና ቁልቁል አይተው “አናጢው ማነው?” አሉ። “ሥራ ፈት” አልኳቸው።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ ማታ

ደክሞኛል፣ ግን ልጻፈው።

ጤና ጣቢያው ደጅ ቆሜ ስጠብቅ ሲስተር እየሮጡ፣ በዚያ ጉልበታቸው እየሮጡ መጡ። አንዲት ምጥ የያዛት ልጅ አለች፣ ሆስፒታል መውረድ አለባት፣ የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ጋራዥ ገብቷል። እናቷ፣ ባሏ፣ የባሏ እናት፣ አንዲት አክስት፣ ሁሉም ካልሄድን አሉ። ሰባቱም ወንበር ሞላ።

ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው። ቁልቁለቱን እንደ ድሮዬ ነዳሁት፣ እንደ እንቁላል፣ እዚህ ላይ ማንም አይከሰኝም። ከኋላ ልጅቷ ትቃትታለች። የባሏ እናት “ፍጠን!” ሲሉኝ የልጅቷ እናት “ቀስ በል!” ይሉኛል። ሲስተር መሐል ተቀምጠው ለሁለቱም “ሾፌሩ አንድ ነው፣ ተዉት” አሉ። በጊዜ ደረስን። ወንድ ልጅ ነው፣ ጤነኛ።

ስንመለስ እኔና ሲስተር ብዙም አልተነጋገርን። ዝም ማለቱ አልከበደኝም። ባለቤቴ ካረፈች አራተኛ ዓመቷ ነው፣ ነፍሷን ይማርና፤ ከሰው ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት እንደሚያሳርፍ ረስቼው ነበር።

ለልጄ ጥያቄ መልስ አገኘሁ መሰለኝ። ሰባት ወንበር ለማን ነው? ለሚቸገር ሰው። ይህን አስቤ ደስ ሲለኝ የልጄ ምድጃ ትዝ አለኝ። ደስታዬ ለምን ሁልጊዜ ከሌላ ሰው ጎን ተቆርሶ እንደሚመጣ አላውቅም።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ጎማ ፈነዳ። ልጄ ተናግራ ነበር። ጎማ ሻጩ ዋጋውን ነግሮኝ ሲያበቃ “ይሄ እኮ ጎማ አይደለም፣ ጥሎሽ ነው” አለኝ። ሲስተር የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ክሪኩን ሳሽከረክር አዩኝ። አዘገየኋቸው። አልተቆጡም።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ጋራዥ። ሹክሹክታ አየና “ማጣሪያው ንጹሕ ነው፣ እንደ ሕፃን ነው የምትተነፍሰው! ከእንግዲህ በወር አንዴ ቢወጡባት ይበቃታል” አለ።

በወር አንዴ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ወጣን። ጥንቃቄ አይከፋም።

ዛሬ ሲስተር “አንተ” አለችኝ። “አንተ፣ መስታወቱን ዝጋው፣ ይበርዳል” ነው ያለችው። አሉኝ ማለቴ ነው። አምልጧቸው ይሆናል።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራውን የሰማሁት ከልጄ ነው።

“ዳቦ ሊገዙ የመጡ ሴቶች ምን ሲሉ ሰማሁ መሰለህ? ‘አባቷ ሐሙስ ሐሙስ አዲስ ሸሚዝ ይለብሳል።’”

“አሮጌ ነው። ተተኩሶ ነው።”

“ማን ተኮሰው?”

“እኔ።”

“ሸሚዝ ተኩሰህ ታውቃለህ፣ አባዬ?”

ልጄ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ እግሯ አብጦ የጫማው ክር ቆዳዋ ላይ ታትሟል። “መኪናዋን ከፈለግክ ውሰዳት” አለች። “ያንተ ድካም ናት። እኔ ግን የማላውቀው ነገር እንዲሆን አልፈልግም። እማዬ ካረፈች ገና...” አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አልጠየቅኋት።

ለማጣሪያው ነው ልላት ነበር። ከሰንበት ጸሎት ነው የመጣሁት። አፌን ያዘኝ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ዳገቱ ላይ ለሲስተር ስለ ክፍሉ ነገርኳት። እስከ ዛሬ ያልነገርኳት ለምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም። ስለ ልጄ፣ ስለ ምድጃው፣ ስለ ሆዷ፣ ስለ እግሯ ሁሉንም ነገርኳት።

“ስንተኛ ወሯ ነው?” አለችኝ። ስድስተኛ አልኳት።

ከዚያ በኋላ እስከ ጫፍ ድረስ መንገዱን ብቻ አየች። ስትወርድ “እግዚአብሔር ይስጥልህ” አለች። ሁልጊዜ የምትለው “ቻው ሾፌር” ነበር።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

መርገጫውን አውጥቼ ጠበቅሁ። ዘበኛው “ሲስተርን ከሆነ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ሄደዋል” አለኝ፣ ዛሬ እንኳ ሳይቀልድ።

ብቻዬን ወጣሁ። ዝሆኒቱ እንከን የላትም። ወንበሯ ይሞቃል፣ ዳገቱን ትበላዋለች፣ ድምጿ ያምራል። በኋላ ማሳያው መስታወት ባዶ ወንበር፣ ከኋላው ደግሞ ባዶ ወንበር ይታያል። ይህን ያህል ሰፊ መሆኗን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ዞሬ ተመለስኩ።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ ማታ

አልነዳሁም። ጸሎት ቤት ሄጄ ተንበረከክሁ። “ጌታ ሆይ፣ ስለ መኪናዋ ምራኝ” ብዬ ጀመርኩ። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ጠፋኝ። ለእግዚአብሔር ማስመሰል ከባድ ነው፣ ሁሉን ያውቃል። ቢቸግረኝ “ስለ መኪናዋ አይደለም” አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት ዘወር ብለው አዩኝ።

ወደ ማታ ሲስተር ከሥራ ስትመለስ በሯ ላይ ቆሜ ነበር። ምን እንደምል ሳላዘጋጅ ነው የቆምኩት።

“አስከፋሁሽ?” አልኳት።

“የምን መክፋት? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በአውቶቡስ ሄጃለሁ። አንዲት እርጉዝ ልጅ በኔ ምክንያት ምድጃ ፊት ቆማ እንድትውል አልፈልግም።”

“በአንቺ ምክንያት ማን አለ?”

“ሸሚዝህ” አለችና በሩን ዘጋችው። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ደረጃውን ስወጣ ፈገግ እያልኩ እንደነበር ያወቅኩት መስታወት ሳይ ነው። አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ባለቤቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር ብዬ አሰብኩ። “በመጨረሻ ሸሚዝ መተኮስ ተማርክ?” ነው የምትለው። እኔ የማውቃት ሴትዮ ከዚህ ሌላ አትልም። ለብቻዬ ሣቅሁ፣ ትንሽም አለቀስኩ። ሁለቱም ጥሩ ነበር።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ጋሼ ዘንድ ሄጄ “ክፍሉን” አልኳቸው።

“እርግጠኛ ነህ? አምስት ዓመት እንደ ዓይንህ ብሌን ይዘሃት!”

“እወዳታለሁ፣ ጋሼ። ግን የኔ መንገድ ለእሷ አጭር ነው። እኔም ዳገት የምወጣው ለእሷ ብዬ መስሎኝ ነበር።”

“ታዲያ ለማን ኖሯል?”

ሻዬን ጨረስኩ። ጋሼ አዩኝ፣ አዩኝና “እንግዲህ ጥቅሙን ጽፈኸዋል ማለት ነው” አሉ።

ለልጄ ስነግራት ዱቄት በእጇ እንደያዘች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ኮቴ እስካሁን ነጭ ነው። ባሏ “አባባ፣ ዝሆኒቱን ሳልሰናበታት?” አለና ሮጦ ወጣ፤ በመስኮት ስናየው የፊት መብራቷን እየዳበሰ ነበር።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አንድ የመንገድ መሐንዲስ ዝሆኒቱን ከጋሼ ገዛት። ሥራው ሩቅ ለሩቅ ነው፣ ለእሷ ይሻላታል። ቁልፉን ስሰጠው “አደራ፣ አይሳሱላት” አልኩት። ሰውየው ግራ ተጋባ።

ስትሄድ ቆሜ አየኋት። መንገዱ ላይ ጭስ አልነበረም።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ክፍሉን ቀለም ቀባን። አማቼ ለምድጃው መስመር ዘረጋ፣ ሁለት ጊዜም ሰፈሩን ሁሉ ጨለማ አደረገ። ልጄ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዝዘናለች። የእግሯ እብጠት ጎድሏል።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ ማታ

ጠዋት ሸሚዜን ተኩሼ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ሲስተር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ካርቶኗን ጎኗ አስቀምጣ።

“ወዴት ነው?” አለችኝ።

“ወደ ላይ።”

“ምን ልታደርግ?”

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምክንያት አጥቼ አላውቅም። ማጣሪያ ነበረኝ፣ ዝናብ ነበረኝ፣ የተበላሸ አምቡላንስ ነበረኝ። ዛሬ ፈልጌ አጣሁ።

“ምንም” አልኳት። “ካንቺ ጋር ልሄድ ነው።”

ከኋላዬ ሰው ይገፋል፣ ረዳቱ “ግባ ወይ ውረድ!” ይላል። እሷ አየችኝ። ከዚያ ካርቶኑን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለችልኝ።

ሁለት ማቆሚያ ካለፍን በኋላ ካርቶኑን ተቀበልኳት።

ማታ በክፍሉ በኩል ሳልፍ ልጄ ምድጃውን ስትሞክር ደረስኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ዳቦዎች ከአንድ ጎን አርረዋል። “የት ዋልክ?” አለችኝ። ከሲስተር ጋር በአውቶቡስ ላይኛው ከተማ ወጥቼ ነው አልኳት፣ እንዲሁ፣ ቀጥ አድርጌ። ልጄ ምድጃውን ዘጋች። እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ እንደገናም ጠረገችው። እናቷ ማልቀስ ስትፈልግ እንደዚህ ታደርግ ነበር፤ ልጄ ግን አላለቀሰችም።

“ሲስተር የተቀባ ዳቦ ነው የምትወደው ወይስ ደረቁን?” አለችኝ።

“አልጠየቅኋትም።”

“ታዲያ ጠይቃታ፣ አባዬ! ለእሑድ ምኑን ልጋግር?”